ሚዛኑ ይፈተሻል፣ ስክሪኑስ?

መርካቶ ውስጥ በርበሬ የሚገዛ ነጋዴ በማያውቀው ሚዛን ላይ ዕቃ አያስጭንም። ሚዛኑ ባዶ ሳለ ዜሮ ላይ መቆሙን ያያል፤ ከጠረጠረ ክብደቱን የሚያውቀውን ዕቃ አስቀምጦ ይፈትነዋል። ግማሽ ኪሎ በኩንታል ከተጓደለችበት በዓመት ምን ያህል እንደምታስከፍለው አስልቶ ያውቃልና።

ይኸው ነጋዴ ለአዲስ ዓመት ለደንበኞቹ የሚያድለውን ካላንደር፣ የሱቁን ካታሎግ ወይም የዕቃውን ማሸጊያ ሲያሳትም ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ዲዛይነሩ ኮምፒዩተሩን ያዞርለታል፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ያያል፣ “ጥሩ ነው፣ ይታተም” ይላል፣ ቀብድ ከፍሎ ይሄዳል። በዚያች ደቂቃ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ብር የተፈረመው ማንም ፈትሾት በማያውቅ ሚዛን ላይ ነው። ሚዛኑ የኮምፒዩተሩ ስክሪን ነው።

ክርክሩ የሚነሣው ሥራው ታትሞ ሲመጣ ነው። ደንበኛው “ያየሁት ይኼን አይደለም” ይላል። ማተሚያ ቤቱ “የላካችሁት ይኼንኑ ነው” ይላል። የሚገርመው ሁለቱም ብዙውን ጊዜ እውነታቸውን መሆኑ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን ከሌላ ሰው ሰምቶ አይደለም የሚጽፈው። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የመጋረጃ ጨርቅ የሚነግዱት አጎቴ ለ2016 ዓ.ም. 500 የግድግዳ ካላንደር ለማሳተም ተነሡ። ፎቶ አንሥቼ፣ በኮምፒዩተር አስተካክዬ፣ ገጹን አቀናብሬ የማስረክበው እኔ ነበርኩ። የኢኮኖሚክስ ዲግሪ ይዞ በትርፍ ሰዓቱ ዲዛይን የሚሞክር ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት አይደለም። የአንዱ ዋጋ 130 ብር፣ ጠቅላላው 65,000 ብር ሆነ። ግማሹ 32,500 ብር ቀብድ ተከፈለ።

ካላንደሩ ሲመጣ ክሬም የነበረው ጨርቅ አመድ መስሏል። የወርቃማው መጋረጃ እጥፋት ጠፍቶ ጥቁር ሆኗል። አጎቴ አንዱን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ “ይኼን መጋረጃ እንኳን ሌላ ሰው፣ እኔም አልገዛው” አሉ። ቀሪውን እንደማይከፍሉም ቆርጠው ተናገሩ።

እኔም ተቆጥቼ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ሥራውን ከፊልምና ከፕሌት ዘመን ጀምሮ የሚያውቁ ሰው ናቸው። “ልጄ፣ እኔ የላክኸውን ነው ያተምኩት” አሉኝ። “ጋሼ፣ የላክሁት ይኼ አይደለም፤ ኮምፒዩተሬ ላይ ላሳይዎ” አልኳቸው። እሳቸውም ፋይሉን እዚያው በነበሩት ሦስት ኮምፒዩተሮች ላይ አስከፈቱት። በአንዱ ክሬሙ ቢጫ ሆነ፣ በሁለተኛው ሮዝ ነገር ነካው፣ በሦስተኛው ነጣ። የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ አራተኛ ቀለም አሳየ። አራት ምስክር ቀርቦ አራቱም የተለያየ ቃል ሰጠ ማለት ነው።

ነገሩ በሽማግሌ አለቀ። አጎቴ ቀሪውን 32,500 ብር እንዳይከፍሉ፣ ቀብዱም እንዳይመለስ፣ ካላንደሩም እዚያው እንዲቀር ተወሰነ። ሁለቱም ወገን እኩል ከሰረ፤ ሽማግሌዎቹ ከዚህ የተሻለ ሊፈርዱ አይችሉም ነበር፣ ማስረጃ የለማ። ጥፋቱ የማን እንደነበር የታወቀው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ስክሪን ቀለምን እንዴት እንደሚያሳይ ማየት ይኖርብናል።

ቁጥሩ አንድ፣ ቀለሙ ብዙ

ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ፎቶ ቀለም አይደለም፣ ቁጥር ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ሦስት ቁጥር አላት፦ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ፣ ሦስቱም 0 ሲሆኑ ጥቁር ነው። ቁጥሩን ወደ ብርሃን የሚለውጠው ሞኒተሩ ነው፤ አንዱ ሞኒተር ያንኑ ቁጥር ደመቅ፣ ሌላው ደብዘዝ፣ ሦስተኛው ሰማያዊ አድርጎ ያወጣዋል። አንድ ስም፣ አንድ ሞዴል ያላቸው ሁለት ሞኒተሮች እንኳ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይመሳሰሉም። ሞኒተር ደግሞ እንደ ማንኛውም ዕቃ ያረጃል፤ ከዓመታት በኋላ መብራቱ ይደክማል፣ ነጩም መልኩን ይለውጣል።

ይህንን መልክ ለማስያዝ ሁለት ትልልቅ እርምጃዎች ተወስደዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 አዶቤ፣ አፕል፣ ኮዳክ፣ አግፋና ማይክሮሶፍት ያሉባቸው ስምንት ኩባንያዎች የዓለም አቀፍ የቀለም ኮንሶርቲየምን መሠረቱ። ማኅበሩ ያወጣው ደንብ እያንዳንዱ ሞኒተር፣ ካሜራና ማተሚያ “ፕሮፋይል” የሚባል መታወቂያ እንዲኖረው ያስችላል፤ ቀለሙ የቱ ጋ እንደሚያፈነግጥ የሚናገር ፋይል ነው። በ1996 ደግሞ ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት ኤስ አር ጂ ቢ የተባለውን የጋራ የቀለም መለኪያ አቀረቡ፤ እስከ ዛሬ የስልኩም፣ የላፕቶፑም፣ የኢንተርኔቱም የጋራ ቋንቋ እሱ ነው።

ደንቡ አለ ማለት ግን በእኛ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሞኒተር ደንቡን ያከብራል ማለት አይደለም። እንዲያውም ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳያከብር ሆኖ ነው የሚወጣው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱ ቴክኒክ ሳይሆን ገበያ ነው። መደብር ውስጥ አሥር ሞኒተሮች ተደርድረው የገዢ ዓይን የሚሄደው ወደ ደማቁና ወደ ሰማያዊ ወደሚያደላው ነው። አምራቹ ይህን ስለሚያውቅ ብርሃኑን እስከ ጫፍ ከፍቶ፣ ነጩን አብርዶ፣ “ቪቪድ” በሚል ስም አሳምሮ ይልከዋል። ለፊልም ማያ ይህ አይጎዳም። ቀለም ለሚሸጥ ሰው ግን በሻጭ ጣት የተጫነ ሚዛን ማለት ነው።

የሞኒተር ብርሃን የሚለካው በካንዴላ በካሬ ሜትር ነው። ለኅትመት የሚሠሩ ባለሙያዎች ከ80 እስከ 120 ያለውን ይመርጣሉ። ከካርቶን የወጣ ተራ ሞኒተር ግን 250 ወይም 300 ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው። ውጤቱ በቀላሉ ይገመታል። ዲዛይነሩ ፎቶው በጣም የበራ መስሎት ያጨልመዋል። ወረቀት ግን ከውስጡ መብራት የለውም፤ በክፍሉ ብርሃን ብቻ ይታያል። ስለዚህ ታትሞ ሲመጣ ጨለማ ነው። “ስክሪን ላይ ጥሩ ነበር፣ ሲታተም ጠቆረ” የሚለው ስሞታ አብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ሲሆን፣ የማተሚያ ማሽኑ እጅ የለበትም።

ሁለተኛው የነጩ ዓይነት ነው። ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የአምፖል ነጭ ቢጫ ይላል፣ የጥላ ስር ነጭ ሰማያዊ ይላል። ይህ በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሞቃል፣ በጨመረ ቁጥር ይቀዘቅዛል። ለሞኒተር የተለመደው 6500 ነው። ሦስተኛው ጋማ ይባላል፤ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ጥላ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነጣ የሚወስን ሲሆን 2.2 ላይ ይቆማል። አፕል ለብዙ ዘመን 1.8 ይጠቀም ነበር፤ በ2009 እሱም ወደ 2.2 ተመልሷል። በእነዚያ ዓመታት በማክ የተሠራ ፎቶ በዊንዶውስ ሲከፈት ይጨልም የነበረው በዚህ ምክንያት ነበር።

ዓይን ለምን ምስክር አይሆንም?

አንባቢ “ታዲያ ዓይን ምን ይሠራል? አስተካክሎ ማየት አይቻልም?” ይል ይሆናል። ችግሩ ዓይናችን ከመጠን በላይ ታዛዥ መሆኑ ነው። ነጭ ነጠላ በፀሐይም በአምፖልም ሥር ነጭ ሆኖ ይታየናል፤ ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን ግን በሁለቱ በጣም የተለያየ ነው። አእምሮ በራሱ አቀናንሶ “ነጭ ነው” ይለናል። በ2015 አንድ የቀሚስ ፎቶ ዓለምን ለሁለት ከፍሎ እንደነበር የሚያስታውሱ አይጠፉም። ግማሹ ነጭና ወርቃማ ነው አለ፣ ግማሹ ሰማያዊና ጥቁር ነው አለ። ቀሚሱ በእውነት ሰማያዊና ጥቁር ነበር። አእምሮ ብርሃኑን በተለያየ መንገድ ስለገመተ፣ ጎን ለጎን ቆመው አንድ ስክሪን የሚያዩ ሰዎች አልተስማሙም።

ዲዛይነሩም እንደዚያው ነው። ቢጫ ያዘለ ስክሪን ፊት አሥር ደቂቃ ከተቀመጠ ቢጫው ነጭ ይሆንበታል። ስለዚህ ሙያው የሚጠይቀው የማይላመድ ዓይን ነው፤ እሱም መሣሪያ ነው።

መሣሪያው ከቡና ስኒ ብዙ የማይበልጥ፣ በዩኤስቢ ከኮምፒዩተር የሚያያዝ የቀለም መለኪያ ነው። ስክሪኑ ላይ ይንጠለጠላል። ፕሮግራሙ ቁጥራቸው የታወቀ ቀለሞችን አንድ በአንድ ያሳያል፣ መሣሪያው የወጣውን ብርሃን ይለካል፣ ልዩነቱ ይመዘገባል። መጀመሪያ ብርሃኑና ነጩ ወደ ልካቸው ይመጣሉ፤ ይህ ካሊብሬሽን ነው። ከዚያ በኋላም የቀረውን ማፈንገጥ የያዘ ፕሮፋይል ይጻፋል፤ እንደ ፎቶሾፕ ያሉ ፕሮግራሞች እሱን እያነበቡ ቀለሙን ያቀናሉ። በሚዛን ቋንቋ፣ ዜሮውን ማስያዝና “በኩንታል ይህን ያህል ያጎድላል” ብሎ ጎኑ ላይ መጻፍ እንደማለት ነው። ጠቅላላው ሥራ ከሻይ ዕረፍት አይበልጥም።

የቀረው ስሕተት የሚነገረው ዴልታ ኢ በሚባል ቁጥር ነው። 1 ማለት የሠለጠነ ዓይን ጎን ለጎን አድርጎ በጭንቅ የሚለየው ልዩነት ነው። በአማካይ ከ2 በታች የሆነ ሞኒተር ለኅትመት ሥራ አያሳፍርም።

ወደ ካላንደሩ ልመለስ። ከሁለት ወር በኋላ የሠርግ ፎቶ የሚሠራ ጓደኛዬ ይህን መሣሪያ ገዝቶ ስለነበር ሞኒተሬን ይዤ ሄድኩ። በመጀመሪያ የካላንደሩን ፋይል በተስተካከለው በእሱ ስክሪን ላይ ከፈተው። ክሬሙ አመድ ነው፣ እጥፋቱ ጥቁር ነው። ቁርጥ የታተመው! ከዚያ የእኔን ሞኒተር ለካው፤ ብርሃኑ 270 ነበር። ይባስ ብሎ ፀሐይ ስትጠልቅ በራሱ የሚበራው “ናይት ላይት” የሚባለው ለዓይን እንዲመች ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርግ ነገር ተከፍቶ ኖሯል። እኔ ደግሞ የሠራሁት ማታ ማታ ነው። ክሬሙ ቢጫ ስለበዛበት ሰማያዊ ጨመርኩ፤ በጣም ስለበራ አጨለምኩ። ማተሚያ ቤቱ አንዲት ጥፋት አልነበረበትም።

ለባለቤቱ ሄጄ ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና፣ “እኔማ ተናግሬ ነበር፣ ልጄ” አሉ። 32,500 ብራቸውን በሦስት ጊዜ ከፈልኩ።

ስንት ያስወጣል?

በገበያ ላይ በስም የታወቁት የዳታከለርና የካሊብራይት መሣሪያዎች ናቸው። ካሊብራይት ቀድሞ ኤክስ ራይት ይሠራው የነበረውን የፎቶ መስመር በ2021 የተረከበ ነው። እንደየደረጃቸው በውጭ ገበያ ከ150 እስከ 300 ዶላር አካባቢ ይሸጣሉ። 200 ዶላሩን እንያዝ። ብር በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት፣ ማለትም እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር መሣሪያው 11,400 ብር ነበር። በ150 ብር ብናሰላው 30,000 ብር ይሆናል፤ ቀረጥ፣ ታክስና የአምጪ ትርፍ ሳይጨመር።

ይህ ለአንድ ዲዛይነር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሆኖም መሣሪያው አንድ ሞኒተር ላይ ተተክሎ የሚቀር አይደለም፤ ከአንዱ ተነሥቶ ሌላውን ይለካል። ሞኒተርም አንዴ ተስተካክሎ አይቀርም፤ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ መታየት አለበት። አንድ ሕንፃ ላይ የተሰባሰቡ አምስት የዲዛይን ቤቶች ተዋጥተው ቢገዙት የየራሳቸው ድርሻ 6,000 ብር ነው፤ ከአንድ የተበላሸ ሥራ ኪሳራ ያንሳል። ወጣት ባለሙያ መሣሪያውን ይዞ ቤት ለቤት ቢዞርና በአንድ ሞኒተር 500 ብር ቢያስከፍል ደግሞ 60 ሞኒተር ላይ ዋናውን ይመልሳል። ስድሳ ሞኒተር የሜክሲኮና የአራት ኪሎ አካባቢ ማተሚያ ቤቶችና የፎቶ ስቱዲዮዎች በቀላሉ የሚሞሉት ይመስለኛል። ሥራ ለሚፈልግ ትንሽ ካፒታል ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ያገለገለ መሣሪያ ለሚያስቡ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የድሮዎቹ መለኪያዎች ውስጣቸው ያለው የቀለም ማጣሪያ ከጊዜ ጋር ይደበዝዛል፤ ከዚያም ሌላ ለድሮው ባለትልቅ ጀርባ ሞኒተር የተሠሩት የዛሬውን ኤል ኢ ዲ በትክክል አያነቡም። አሥራ አምስት ዓመት የሆነው መለኪያ በርካሽ ቢገኝም ያው የተበላሸ ሚዛን መግዛት ነው።

ሞኒተሩን ለሚገዙም እንዲሁ። አይ ፒ ኤስ የተባለው የስክሪን ዓይነት ከጎንም ከላይም ሲታይ ቀለሙ ብዙ አይለወጥም። ቲ ኤን የሚባለው ርካሹ ዓይነት ግን ራስዎን ዝቅ ከፍ ባደረጉ ቁጥር ይለዋወጣል፤ እሱን መለካት በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ሚዛን እንደማስቀመጥ ነው። በላፕቶፕ መግለጫ ላይ “45 በመቶ ኤን ቲ ኤስ ሲ” የሚል ከተጻፈ፣ ያ ስክሪን ከጋራው የኤስ አር ጂ ቢ ቀለም 60 በመቶ ገደማ ብቻ የሚያሳይ ነው። ሻጭ ስለ ራምና ስለ ፕሮሰሰር ሲያወራ ይህቺን መስመር አንብቦ የሚያሳይ የለም።

መሣሪያ የሌለው ምን ያድርግ? ጨርሶ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። “ቪቪድ”ንና “ናይት ላይት”ን ያጥፋ። ከሞኒተሩ ምርጫዎች ውስጥ ኤስ አር ጂ ቢ ወይም 6500 የሚል ካለ እሱን ያድርግ። ስክሪኑን ነጭ አድርጎ አጠገቡ ነጭ ወረቀት ይያዝ፤ ስክሪኑ እንደ መስኮት የሚያበራ ከሆነ ወረቀቱን እስኪመስል ብርሃኑን ይቀንስ። ዊንዶውስም ሆነ ማክ በዓይን የሚሠራ ማስተካከያ በውስጣቸው አላቸው፤ ከምንም ይሻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በደንብ የታተመ የቀድሞ ሥራን ከነፋይሉ ማስቀመጥ ነው። አዲስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፋይሉን ከፍቶ ከወረቀቱ ጋር ያስተያይ፤ ስክሪኑ የቱ ጋ እንደሚዋሽ ወዲያው ያያል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት ሳይሞቅ ቀለም አይወሰንም። ከመስኮት የሚገባ ፀሐይ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ የሚያርፍ ከሆነም ጠረጴዛውን ማዞር ምንም ወጪ የለውም።

ያልተፈታ የሚቀር ነገር አለ። ሞኒተር በብርሃን ነው የሚቀባው፣ ማተሚያ በአራት ቀለም፦ ውኃ ሰማያዊ፣ ማጄንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ስክሪን ላይ የሚያበራ ሰማያዊ፣ የሚነድ ብርቱካናማ ወይም እንደ መብራት የሚያበራ አረንጓዴ በእነዚህ አራት ቀለሞች አይገኝም። ወረቀቱም የራሱ ድርሻ አለው፤ የሚያብረቀርቀው ቀለሙን ይይዛል፣ ተራው ይመጠዋል። የተስተካከለ ሞኒተር ይህን አያስወግድም፤ ነገር ግን በማተሚያው ፕሮፋይል አማካይነት የሚጠፋውን ቀለም አስቀድሞ ያሳያል። ለድርጅት መለያ ቀለም ግን ስክሪኑን ማመን ትርፉ ጭቅጭቅ ነው። ፓንቶን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከ1963 ጀምሮ የሚሸጠው በቁጥር የተለየ የቀለም ናሙና አለ፤ ቁጥሩ ከተጻፈ ክርክሩ ያልቃል።

በውል በኩል ማተሚያ ቤቶችና ደንበኞች “ናሙና ላይ ፈርም” የሚለውን ልማድ በጥብቅ ቢይዙት ይበጃል። በወረቀት የወጣ አንድ ናሙና፣ ከጀርባው የሁለቱም ፊርማና ቀን። ናሙናው የሚታይበት ብርሃንም ይታወቅ፤ ዓለም አቀፉ የኅትመት ደንብ 5000 ኬልቪን ነው የሚለው፣ ያ ባይገኝ ከሰዓት በፊት በረንዳ ላይ፣ ጥላ ሥር ማየት ከቢሮ አምፖል ይሻላል። በእኛ ጉዳይ ይህ ናሙና ኖሮ ቢሆን ሽማግሌ አያስፈልግም ነበር።

ከወረቀት ውጪ

እስካሁን ያልነው የአገር ውስጥ ኅትመትን ነው። ነገሩ ከበድ የሚለው ግን ዕቃው ሳይታይ በፎቶ ብቻ በሚሸጥበት የውጭ ንግድ ላይ ነው። ከኬንያ ቀጥላ በጽጌረዳ ላኪነት በአፍሪካ ሁለተኛ የሆነችው ኢትዮጵያ አበባዋን ከምትልክባቸው ገበያዎች ዋናው ኔዘርላንድ ነው። በአልስሜር የአበባ ጨረታ ድሮ አበባው በጋሪ ተጭኖ በገዢዎቹ ፊት ያልፍ ነበር፤ አሁን ገዢው የሚያየው በስክሪን ላይ ያለ ሥዕል ነው። ጨረታውን ትቶ በቀጥታ የሚሸጥ እርሻም ቢሆን ለገዢው የሚልከው ያው ፎቶ ነው። ክሬምና ነጭ፣ ሮዝና ሳልመን በጽጌረዳ ንግድ ለየብቻ የሚሸጡ ዕቃዎች ናቸው፤ ስክሪን ግን በቀላሉ ያደባልቃቸዋል።

የወሎን ኦፓል የሚነግዱ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። በደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ ያለው ክምችት በፈረንጆች 2008 ከተገኘ ወዲህ ድንጋዩ በዓለም ገበያ ስም አውጥቷል። የኦፓል ዋጋ በውስጡ በሚጫወተው ቀለም ይወሰናል፤ ቀዩ ከሰማያዊው ይወደዳል። ገዢው አሜሪካ ወይም እስያ ተቀምጦ በፎቶና በቪዲዮ ያያል። ቀዩ በዝቶ የታየበት ሰው ዕቃው እጁ ሲገባ ይመልሰዋል፤ ላኪው የፖስታውን ወጪ ይሸከማል፣ ከዚያም በላይ ስሙ ይጎዳል።

እዚህ ላይ የትምህርት ቤት ነገር ላንሣ። ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት ኢኮኖሚስት በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፉት ጥናት (በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩበት ሥራ አንዱ ነው) ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የመጥፎውን ዋጋ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። በኦፓል ፎቶም የሚሆነው ይኼው ነው። አንዱ ሻጭ ሆን ብሎ ቀለሙን ያጋንናል፣ ሌላው ሻጭ በቅንነት፣ ግን ባልተስተካከለ ሞኒተር፣ ያንኑ ያደርጋል። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ሁለቱን አይለይም። ለአታላዩም ለቅኑም አንድ ዓይነት የጥርጣሬ ቅናሽ ይጠይቃል። ፎቶውን አስተካክሎ የሚልክ ሻጭ በመጀመሪያው ሽያጭ ምንም አይጠቀምም፤ የሚጠቀመው በአምስተኛው ነው፣ ገዢው “የዚህ ሰው ዕቃ እንደ ፎቶው ነው” ሲል።

የገዢው ስክሪንስ ያልተስተካከለ ከሆነ? ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜም ነው። ለዚህ ላኪው ምንም ማድረግ አይችልም። አንድ ነገር ግን ያተርፋል። ገዢው በዚያው በራሱ ስክሪን የብዙ ሻጮችን ዕቃ ስለሚያይ የስክሪኑን ጠባይ ለምዶታል፤ የሁሉም ፎቶ ትክክል ከሆነ ማፈንገጡ ለሁሉም እኩል ነው። ያልተስተካከለው ሻጭ ብቻ ነው በሰልፉ ውስጥ ለብቻው የሚወጣው።

አጎቴ በበኩላቸው ከዚያ ወዲህ ካላንደር ማሳተም አልተዉም። ማተሚያ ቤቱም ያው ነው። ዲዛይነሩ ግን ተለውጧል። አዲሱ ልጅ ሥራውን ሊያሳያቸው ላፕቶፑን ሲያዞር፣ መነጽራቸውን አድርገው ከማየታቸው በፊት “መጀመሪያ ይቺ ነገር መቼ ነው የተለካችው?” ብለው ጠየቁት አሉ። ልጁ ግራ ገብቶት ኢንቹን ነገራቸው።